ድሪቶና የታሪክ መዝገብ

የታሪክ ትምህርት ሲነሣ በአብዛኞቻችን ተማሪዎች አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የነገሥታት ስም፥ የጦርነት ዘመንና የመንግሥታት ውል ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን መጽሐፍ ያልተጻፈላቸው፥ ሐውልትም ያልቆመላቸው ሰዎች ታሪክ አላቸው። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው በብራና ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ አንድ የተናቀ የቤት ዕቃ፥ ይኸውም ስለ ድሪቶ፥ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ደረተ ማለት ቁራጭን በቁራጭ ላይ እየቀጠለ ሰፋ ማለት ነው፤ ድሪቶም ከዚሁ ግስ የወጣ ስም ነው። በእኛ ዘንድ ቃሉ ከድህነት ጋር ተያይዞ ስለሚኖር ክብር የለውም። እንግዳ ሲመጣ ድሪቶው ተጠቅልሎ ከጓዳ ይገባል። እርስ በርሱ ያልተያያዘ ድርሰት ያቀረበ ተማሪም ጽሑፉ «የቃላት ድሪቶ ነው» ይባልበታል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ድሪቶን የምመለከተው እንደዚሁ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በባሕር ማዶ፥ በአሜሪካ አገር፥ ድሪቶ የሰፉ የጥቁር ሴቶች ታሪክ ነው።

አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት የአልጋ ልብስ ሦስት ድርብ አለው። የላይኛው ከቁራጭ ጨርቅ የተጋጠመ ነው፤ መካከሉ ባዘቶ ጥጥ ነው፤ የታችኛው ገበር ነው። ሦስቱ ከተነባበሩ በኋላ በእንጨት ላይ ተወጥረው ከላይ እስከ ታች በመርፌ ይጠቀማሉ። ይህ ስፌት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ስፌቱ ባይኖር ልብሱ በታጠበ ቁጥር ጥጡ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰብና ሌላው ባዶውን ይቀር ነበር። ሥራው ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ጎረቤታሞች በደቦ ተሰብስበው የአንዷን ጨርሰው ወደ ሌላዋ ቤት ይሄዱ ነበር።

ከእነዚህ ሰፊዎች መካከል ስሟ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ሐሪየት ፓወርስ ናት። ሐሪየት በ1837 በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በባርነት ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ በዐሥራ አንድ ክፍል የተከፈለ ድሪቶ ሰፍታ በላዩ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ፥ ይኸውም አዳምንና ሔዋንን በገነት፥ የያዕቆብን መሰላል፥ የጌታን ስቅለት፥ ከጨርቅ በተቆረጡ ምስሎች ገለጸች። በ1886 ድሪቶው አተንስ በምትባል ከተማ በጥጥ ትርኢት ላይ ቀረበ። በዚያም ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል አስተማሪ አይታው ልግዛሽ ብትላት ሐሪየት በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ግን ችግር ስለ ጸናባት ይዛው መጣች። ዐሥር ዶላር ጠየቀች፤ የተከፈላት አምስት ነው። ከሸጠችውም በኋላ እየተመላለሰች ድሪቶዋን ታይ ነበር ይባላል። በሽያጩ ጊዜ ሐሪየት የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም ለአስተማሪቱ ነገረቻት፤ አስተማሪቱም ጻፈችው። ዛሬ ይህ ድሪቶ በዋሽንግተን በብሔራዊው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ትርጉሙን የምናውቀው ግን አንዲት አስተማሪ በጊዜው ጠይቃ ስለ ጻፈች መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ታሪክ የአንድ መንደር ሰዎች ታሪክ ነው። በአላባማ ክፍለ ሀገር የአላባማ ወንዝ ተጠማዝዞ በሦስት ወገን የከበበው ጂዝ ቤንድ የሚባል ቦታ አለ። በ1816 ጆሴፍ ጂ የተባለ ባለርስት በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ከሰሜን ካሮላይና አምጥቶ በዚያ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በ1845 እርሻው በዕዳ ምክንያት ለማርክ ፔትዌይ ተላለፈ። እርሱም ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ መቶ የሚሆኑ ባሪያዎቹን ከሰሜን ካሮላይና እስከ አላባማ በእግራቸው አስነዳቸው። በ1865 ባርነት ሲቀር አብዛኞቹ ጭሰኞች ሆነው በዚያው ቀሩ። ዛሬም ከመንደሩ ሰዎች የብዙዎቹ የቤተሰብ ስም ፔትዌይ ነው፤ የጌታው ስም በላያቸው ቀርቷል ማለት ነው።

ጭሰኛው ዘርና ቀለብ ከነጋዴ በዱቤ ወስዶ መከር ሲደርስ በጥጥ ይከፍል ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጥጥ ዋጋ ስለ ወደቀ ዕዳው ሊከፈል አልቻለም። በ1932 አበዳሪው ነጋዴ በሞተ ጊዜ ባልቴቱ ሰዎች ልካ የስድሳ ያህል ቤተሰብ በቅሎና ላም፥ የእርሻ መሣሪያና የጎተራ እህል ሳይቀር አስወሰደች። በዚያ ክረምት ሕዝቡን ከሞት ያተረፈው ከቀይ መስቀል የተሰፈረለት ቀለብ ነበር። ከዚያ በኋላ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ለጭሰኞቹ በረጅም ጊዜ ብድር አከፋፈለ፤ ቤትም አሠራ።

እንግዲህ የጂዝ ቤንድ ድሪቶ የተሰፋው በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ነው። ቤቱ ከግንድ የተሠራ ሆኖ በስንጥቁ ነፋስ ስለሚገባ ግድግዳው በጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። በአንድ አልጋ ላይ ብዙ ልጆች ስለሚተኙ ድሪቶ መስፋት ከብርድ መዳኛ እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ጨርቁ ያረጀ ቱታ፥ የተቀደደ ሸሚዝ፥ የዱቄትና የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ጥጡም ቢሆን ከመዳመጫው ወለል ላይ የተጠረገ ውዳቂ የሆነበት ጊዜ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ሴቶቹ በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ መልክ መምረጣቸውን አለመተዋቸው ነው። አንደኛው ሥርዐታቸው «የቤት ጣሪያ» ይባላል፤ ከመካከል በትንሽ ካሬ ተጀምሮ ዙሪያውን በጨርቅ እየከበቡ የሚያሳድጉት ነው። ሥርዐቱ አንድ ይሁን እንጂ የአንዷ ሥራ ከሌላዋ አይመሳሰልም።

በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት የሰፋችው ድሪቶ ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። ባሏ በሞተ ጊዜ በእርሻ ላይ ይለብሰው የነበረውን ልብስ ከሴት ልጇ ጋር ሆና ቀደደችና ድሪቶ አደረገችው። ይህን ያደረገችው እርሱን ለማስታወስና ፍቅሩን ለብሳ ለመተኛት እንደ ነበር ልጇ ከብዙ ዘመን በኋላ ተናግራለች። ጨርቁ በፀሐይና በላብ ነጥቷል። ይህ ድሪቶ አሁን በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚያ ገበሬ ድካም ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል?

በ1962 መንደሩን ከማዶው የካምደን ከተማ ጋር የሚያገናኘው የመሻገሪያ ጀልባ ሥራውን አቆመ። ጊዜው ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን ይጠይቁ የነበረበት ስለሆነ፥ ይህ የተደረገው ወደ ከተማ ሄደው በመራጭነት እንዳይመዘገቡ ነው ሲሉ የመንደሩ ሰዎች ያምናሉ። ጀልባው የተመለሰው በ2006 ነው፤ አርባ አራት ዓመት ሙሉ በየብስ ዞረው ሲሄዱ ኖሩ ማለት ነው። በየካቲት 1965 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ መንደሩ መጥተው ሕዝቡን አበረታቱ። በ1966 የዚህና የአካባቢው ሴቶች «የነፃነት የድሪቶ ማኅበር» የሚባል የኅብረት ሥራ አቋቁመው ሥራቸውን እስከ ኒው ዮርክ ድረስ ይሸጡ ጀመር። ማኅበሩም መሬት ገዝቶ፥ በመራጭነት ተመዝግባችኋል ተብለው ከርስት ለተባረሩ ቤተሰቦች አካፈለ። የተናቀው ድሪቶ የቤት መሥሪያ ቦታ አስገኘ።

በ2002 የጂዝ ቤንድ ድሪቶዎች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፥ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የዐሥር ድሪቶዎችን መልክ በቴምብር ላይ አተመ። ክብሩ ግን ያለ ጥያቄ አልመጣም። በ2007 ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ የሚገባንን ክፍያ አላገኘንም ሲሉ ለፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ጉዳዩም በ2008 ተዘጋ። ሐሪየት ዐሥር ጠይቃ አምስት ከተቀበለች ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ የድሪቶ ዋጋ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ አላለቀም ነበር።

ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ አያቴ ከጓዳ ያስቀመጡትን ድሪቶ አውጥቼ በደጅ ዘረጋሁት። አያቴ አፍረው «ምነው ልጄ፥ ሰው ያየናል እኮ!» አሉኝ። እኔ ግን ደብተሬን ይዤ ይህ የማን ነው፥ ይህስ እያልሁ በጣቴ እያመለከትሁ ጠየቅኋቸው። ካኪው የአያቴ የወንዱ ኮት ነበረ። አበባ ያለበት አክስቴ በሠርጓ ማግስት የለበሰችው ቀሚስ ነው። ሰማያዊው አባቴ መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባበት ሱሪ ነው። እንዲህ እያልን ዐሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ጻፍን። ወደ ዳር ስንደርስ አንድ ቀይ ጨርቅ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ብዙ ጊዜ ዝም አሉና «የዚህን እንኳ ረሳሁት» አሉኝ።

ውድ ጓደኞቼ፥ ያ ቀይ ጨርቅ የማን እንደ ነበረ ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው የለም። ካለፈው ዓመት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታወቅ ነበር። የትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ያለፉትን የምናስብበት ቀን ስለሆነ፥ እያንዳንዳችን በቤታችን ያለውን አሮጌ ዕቃ አውጥተን የማን ነበር ብለን ብንጠይቅና የሚነግሩንን በደብተራችን ብንጽፍ መልካም ነው። ወላጆችም አትፈሩበት፤ ዘርግታችሁ አሳዩን። ታሪክ ጸሐፊ ለመሆን ለጊዜው የሚያስፈልገን እርሳስና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው።