የአምሳ ዓመቱ ባለጎራዴ

ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር በማኅበራዊ ሚዲያው አንድ የቆየ ስም ይነሳል፤ አላዳር ጌሬቪች። ሀንጋሪያዊው የፌንሲንግ ተወዳዳሪ ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኩባዊው ትግለኛ ሚሃይን ሎፔዝ በግል አምስተኛ ተከታታይ ወርቁን ሲያጠልቅ ዓለም ተደነቀ። ጌሬቪች ደግሞ ሳበር በሚባለው ጎራዴ፣ ከቡድኑ ጋር በተከታታይ ስድስት ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል።

የተወለደው በ1910 በያስበሬኝ ከተማ ነው። ቡዳፔስት ያኔ የሳበር መናኸሪያ ነበረች። በ1896 ከኢጣሊያ የመጣው መምህር ኢታሎ ሳንቴሊ ትውልድ አፍርቶባታል፤ ጌሬቪችም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነው። ከ1908 እስከ 1964 ሀንጋሪ በተካፈለችበት ኦሊምፒክ ሁሉ የግል ሳበርን ወርቅ ለሌላ አሳልፋ አልሰጠችም። በእንዲህ ያለ አገር ቡድን ውስጥ መግባት ራሱ ትልቅ ፈተና ነው።

ዳኝነቱም ከባድ ነበር። በኦሊምፒክ ሳበር በኤሌክትሪክ መቆጠር የጀመረው በ1992 ነው። በጌሬቪች ዘመን አራት ረዳት ዳኞች ግጥሚያውን ከበው በዓይናቸው ይከታተላሉ፤ ጎራዴው ከወገብ በላይ ማረፉን አይተው ይመሰክራሉ፤ ዋናው ዳኛ ይወስናል። ስለዚህ ምቱ ከመፍጠኑም በላይ አጠራጣሪ መሆን አልነበረበትም።

ጌሬቪች በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ የመጀመሪያውን ወርቅ ሲያገኝ 22 ዓመቱ ነበር። በ1936 በርሊን ላይ ደገመ። ከዚያ ጦርነቱ የ1940ን እና የ1944ን ኦሊምፒክ በላቸው። ከ26 እስከ 38 ያለው ዕድሜ ለስፖርተኛ ዋናው ጊዜ ነው፤ የእሱ ያለ ኦሊምፒክ አለፈ። ሆኖም በ1948 ለንደን ላይ በ38 ዓመቱ በግልም በቡድንም አሸነፈ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ አራተኛ የቡድን ወርቁን ጨመረ። በ1956 የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት በገቡ በ18ኛው ቀን የሜልቦርን ኦሊምፒክ ተከፈተ። ብዙ የሀንጋሪ ስፖርተኞች በዚያው በውጭ አገር ቀሩ፤ እሱ ግን ወርቁን ይዞ አገሩ ገባ።

ለ1960ው የሮም ኦሊምፒክ መራጮቹ «አርጅተሃል» አሉት። እንደሚተረከው ጌሬቪች ክርክር አልገጠመም፤ የቡድኑን ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ እንዲገጥም ጠየቀ፤ ሁሉንም አሸነፈ። ሮም ላይም በ50 ዓመቱ ስድስተኛውን የቡድን ወርቅ አጠለቀ። በዚያው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸንፏል። አበበ የተወለደው ጌሬቪች የመጀመሪያ ወርቁን ባገኘበት በ1932 ነው።

ጌሬቪች በሰባት ወርቅ፣ በጠቅላላው በአሥር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሥራውን ዘግቶ በ1991 ቡዳፔስት ውስጥ አረፈ። ለእኔ ከሜዳሊያዎቹ ብዛት ይልቅ የሚበልጠው ያ የምርጫው ዕለት ጥያቄው ነው፤ አድልዎም ምሕረትም አልለመነም፤ የጠየቀው መፈተን ብቻ ነው። ዛሬም ብሔራዊ ቡድን የምትመርጡ ሁሉ፣ የልደት ዘመን ቆጥራችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ስፖርተኛውን ሜዳ ላይ ፈትኑት።