«ቡና አቁም» የሚለው ምክር ሲመረመር፦ የድንጋጤ ሕመም፣ የሐረና ቡናና የ1985ቱ ጥናት

ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም ይዞት ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚሰማው ትእዛዝ «ቡና አቁም» የሚል ነው። ትእዛዙ በየቦታው ያለ ጥያቄ ሲደጋገም ይሰማል። በዚህ መጣጥፍ የምከራከረው፣ ምክሩ የቆመበት ማስረጃ በባሌ፣ በደሎ መና ላለ ቡና አምራች ቤት እንደማይሠራ፣ ከዚያም አልፎ ሕመምተኛውን ሊያድነው ከሚችለው ነገር እንደሚያርቀው ነው።

ሐኪሞቻችን ፓኒክ የሚሉት ይህ ሕመም ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ልብ በድንገት ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፤ ሰውየው «መሞቴ ነው» ይላል። ጥቃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል። ዶናልድ ክላይን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ጥቃቱን እንደሚገታ አሳየ። ዴቪድ ክላርክ ደግሞ በ1986 ጥቃቱን የሚያቀጣጥለው ሰው ለሰውነቱ ስሜት የሚሰጠው የጥፋት ትርጓሜ እንደሆነ ጻፈ፦ የልብ ምት ሲፈጥን «ልቤ ሊቆም ነው» ማለት። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከዴኒስ ቻርኒ፣ ከጆርጅ ሄኒንገርና ከፒተር ጃትሎ ጋር ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች በ1985 «አርካይቭስ ኦፍ ጄኔራል ሳይካያትሪ» ላይ ባወጡት ጥናት ለ21 ሕመምተኞችና ለ17 ጤነኞች በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 10 ሚሊግራም ካፌይን በአፍ ሰጡ። ሕመምተኞቹ ከጤነኞቹ ይልቅ ፈሩ፣ ልባቸው መታ፣ ተንቀጠቀጡ፤ ከመቶ 71ዱ የተሰማቸው ነገር የድንጋጤ ጥቃታቸውን እንደሚመስል ተናገሩ። ጸሐፊዎቹም የጭንቀት ሕመም ያለበት ሰው ካፌይን ካለበት ምግብና መጠጥ እንዲርቅ መከሩ።

መጠኑን እናስላ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊግራም ይሆናል። ዛሬ ለጤነኛ አዋቂ የሚመከረው የቀን ጣሪያ 400 ሚሊግራም ነው። ሕመምተኞቹ እንግዲህ ለአንድ ቀን ከሚፈቀደው አንድ ተኩል እጥፍ ያህሉን በአንድ ጊዜ ወስደዋል። ደግሞም የተሰጣቸው ቡና ሳይሆን ካፌይን ነው። የወሰዱትም በምርምር ክፍል ውስጥ፣ ስሜታቸውን በመጠይቅ እየመዘኑ ነው። እየተለካ ያለ ፈሪ ልቡን ያዳምጣል፤ ልቡን የሚያዳምጥ ፈሪ ደግሞ ክላርክ የገለጸው ሰው ራሱ ነው። ከሁሉ በላይ «ጥቃቴን ይመስላል» ማለት «ጎዳኝ» ማለት አይደለም። ሰውየው አደጋ ሳይደርስበት ጥቃቱን የሚመስል ነገር አሳልፏል። ተመራማሪዎቹ ይህን የጉዳት ማስረጃ አድርገው ያዙት፤ እኔ የሕክምና መግቢያ በር ሆኖ ይታየኛል።

እንዲህ የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ሳንደርሰን፣ ራፒና ባርሎው በ1989 ለ20 ሕመምተኞች 5.5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር አስተነፈሱ። ግማሾቹ መቆጣጠሪያ በእጃቸው እንዳለ አምነዋል፤ መቆጣጠሪያው ግን ምንም አይሠራም ነበር። ቁጥጥር የለንም ካሉት ከ10ሩ 8ቱ፣ ቁጥጥር አለን ብለው ካመኑት ከ10ሩ 2ቱ ብቻ ጥቃት ደረሰባቸው። አየሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው እምነታቸው ነው። በ1995 ደግሞ ካርተርና ባልደረቦቹ በተመሳሳይ ፈተና ወቅት የሚታመን ሰው አጠገቡ ያለ ሕመምተኛ ጭንቀቱ እንደሚቀንስ አሳዩ። የቻርኒ ጥናት የሚታመን ሰው አላስቀመጠም፤ ቡና ግን በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጣው ከሰው ጋር ነው።

ሽብርን የሚወልደው ትርጓሜው እንጂ የሰውነት ስሜቱ ብቻ እንዳልሆነ ባሌ የራሷ ማስረጃ አላት። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚሄድ ተሳፋሪ ከመውረዱ በፊት ሽቅብ ይወጣል። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህሉ ነው። የደሎ መና ቆላ ሰው እዚያ ሲደርስ ትንፋሹ ሊያጥር፣ ልቡ ሊፈጥን፣ ራሱ ሊከብደው ይችላል። ምልክቶቹ የድንጋጤ ሕመም ምልክቶችን ይመስላሉ። ተሳፋሪው ግን ጋቢውን ይከናነባል፣ «ደጋው ነው» ይላል፣ ወደ ሐረና ጫካ ሲወርድ ይተነፍሳል። የሰውነት ስሜት ብቻውን ሽብር ቢወልድ ኖሮ በዚያ መንገድ የሚጓዝ ባልተገኘ።

አሁን ወደ ቡናው ልግባ። የሐረና ጫካ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ራሱ የበቀለ ነው፤ ለደሎ መና ገበሬ የጓዳም የገበያም ሀብት ነው። ቤተሰቡ እሸቱን ለቅሞ፣ አስጥቶ፣ ጀንፈሉን ይሸጣል፣ ለራሱም ወቅጦ ይቆላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ቡና አቁም» የተባለች ሴት ከመጠጥ ብቻ አትለይም። ጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ» ሲል ትቀራለች። ብትሄድ እንኳ ሲኒውን መልሳ «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት አለባት፤ የምርቃቱና የወሬው ሰዓት ሕመሟ የሚነሳበት ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ራሱ ያስፈራታል። መሸሽ ፍርሃትን እንደሚመግብ ባርሎውና ሚሼል ክራስክ በድንጋጤ ሕክምና ሥራቸው ደጋግመው አስተምረዋል፤ ሕክምናቸውም ሕመምተኛው የሚፈራውን የሰውነት ስሜት ሆን ብሎ እንዲቀሰቅስና እንዲያልፈው ያደርጋል፦ በፍጥነት በመተንፈስ፣ በመሮጥ፣ በመሽከርከር።

እነሱ በክሊኒክ ደረጃ በደረጃ የሚሠሩትን መሰላል የእኛ ጀበና አዘጋጅቶልናል። አንዱ ዱቄት ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ አቦሉ ይበረታል፣ ቶናው ይለዝባል፣ በረካው ይቀጥናል። ሕመምተኛዋ ቅደም ተከተሉን ገልብጣ ትውሰደው። ለጥቂት ቀናት በበረካ ትጀምር፣ ከምታምነው ሰው አጠገብ። ከመጠጣቷ በፊት የምትፈራውን በግልጽ ትናገር፦ «ልቤ ይቆማል»፣ «እወድቃለሁ»። ልቧ ቢመታ ሳትነሳ ትቆይ፤ ከዚያ የተነበየችው መድረስ አለመድረሱን ትናገር። በረካው ሲለመድ ቶና፣ ቶናው ሲለመድ አቦል። በማገገሚያ ወራት ተስፋን የሚያጸናው ይህ ይመስለኛል። «አይዞሽ» ማለት መልካም ነው፣ ከሰው አፍ መጥፋትም የለበትም፤ ነገር ግን ጥቃት በተመለሰ ማግስት ሰው የሚደገፈው «ባለፈው ሳምንት ልቤ ሲመታ ቁጭ ብዬ አሳለፍኩት» በሚለው የራሱ ምስክርነት ነው። ጥቃቱ መመለሱም ውድቀት አይደለም፤ መሰላሉን አንድ እርከን ወርዶ እንደገና መጀመር ነው።

ተቃውሞ አይጠፋም። ቡሌንዠና ባልደረቦቹ በ1984 ሕመምተኞች ለአንድ ሲኒ ቡና እንኳ ከሌላው ይልቅ ስሱ እንደሆኑ ዘግበዋል። ዘገባው ከሕመምተኞቹ አፍ የተወሰደ ነው፤ ልቡን የሚፈራ ሰው ልቡን በሚያነቃ ነገር እንደሚደነግጥ ማወቅ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከክራስክ የ2014 ጽሑፍ ይመጣል፦ የሚታመን ሰው አጠገብ መኖሩ ትምህርቱን ሊያደክም ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፤ በመጨረሻው እርከን ብቻዋን ትጠጣ።

ጥንቃቄም ይገባል። የልብ ቫልቭ ሕመም፣ የእንቅርት ችግር፣ የደም ማነስ ልብ ስለሚያስመቱ አስቀድመው ይጣሩ። ነፍሰ ጡርና የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው መሰላሉን አይውጣ፤ ቡናው ከምሽት ይራቅ፣ መድኃኒት የታዘዘለትም አያቋርጥ። ያቀረብኩት ሐሳብ በሙከራ የተረጋገጠ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ የጭንቀትና የድንጋጤ ሕመም ራሱን የቻለ ክፍል አግኝቷል፤ በአስተሳሰብና በድርጊት ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምናም ከምክሮቹ አንዱ ነው። በደሎ መና፣ በጎባና በሮቤ ያሉ ባለሙያዎች ይህን ሕክምና ወደ ቤት ሲያወርዱ ሁለት ቡድን ማነጻጸር ይችላሉ፦ ቡና ያቆሙና በበረካ የጀመሩ። የሚቆጠረውም የጥቃቱ ብዛት ብቻ አይሁን፤ በስድስተኛው ወር ጎረቤት ሲጠራቸው ስንቶቹ እንደሚሄዱም ይቆጠር።