የኮዱ አባት ማነው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደውሎ «ጋሼ፣ ከሰብቨርዥን ወደ ጊት ልንሻገር ነው። የድሮውን ታሪክ ትተን የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ብንወስድስ?» አለኝ። መልሱን እዚህ ልጻፈው፤ ሌሎቻችሁንም ሊጠቅም ይችላል።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1980ዎቹ የመጣው ሲቪኤስ የእያንዳንዱን ፋይል ለውጥ ለየብቻ ነበር የሚመዘግበው። ብራንች ወጥቶ ተመልሶ ሲዋሃድ «ይህ ከዚያ መጣ» የሚል መዝገብ የለም። ሰው ራሱ በማስታወሻ ካልጻፈው ጠፋ ማለት ነው። ሰብቨርዥን 1.0 በ2004 ሲወጣ ብራንቹ ከየት እንደተቀዳ ይመዘግብ ነበር፤ መርጅን መመዝገብ የጀመረው ግን በ2008፣ በ1.5 ስሪት ነው።

ጊት ሌላ ነው። እያንዳንዱ ኮሚት የወላጁን መለያ ይዞ ይወለዳል፤ መርጅ ከሆነ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወላጅ አለው። እኛ ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም እንደምንጠራው በሉት። መለያው የሚሰላው ከይዘቱና ከወላጁ መለያ ስለሆነ፣ አያትየውን ከነካችሁ የልጅ ልጁ ሁሉ መለያ ይቀየራል። ስለዚህ በዝውውሩ ቀን የተዘለለ የዘር ሐረግ በኋላ ላስገባው ቢሉ መከራ ነው።

ሊነክስን ተመልከቱ። ከርነሉ ከ2002 ጀምሮ በቢትኪፐር ነበር የሚያዘው። በ2005 ያለ ክፍያ የመጠቀሙ ፈቃድ ሲነሳ ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን ሠራና የ2.6.12ን የሙከራ ስሪት የመጀመሪያ ኮሚት አድርጎ አስገባ። ያለፈው ታሪክ ጠፍቶ አይደለም፤ ወደ 3.2 ጊጋባይት ስለሚሆን ገና ለተወለደው ጊት ሸክም ይሆናል ብሎ ነው የተወው። በኋላ ታሪኩ ለብቻው ወደ ጊት ተቀይሮ ተቀመጠ፤ የፈለገ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ማገናኘት ይችላል። ዋናው ዛፍ ግን ዛሬም ከዚያች ኮሚት ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ያልተነካ መስመር የማን እንደሆነ ብትጠይቁት፣ ማንም ይጻፈው ማን፣ «የሊነስ ነው» ይላችኋል።

ይቺ «የሊነስ ነው» የምትለው ነገር እኔንም አሳፍራኛለች። ቀድሞ እሠራበት በነበረ ቦታ ወደ ጊት ስንሻገር የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ነበር የወሰድነው። ያስገባው አንድ አዲስ ልጅ ነው። ከወራት በኋላ የደመወዝ ስሌት ላይ ስህተት ተገኘ። ጊትን ጠየቅሁት፤ የልጁን ስም አወጣ። በሰው ፊት ተቆጣሁት፤ እሱም ዝም አለ። ማታ የድሮውን ሰርቨር ከፍቼ ባይ ያቺን መስመር ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኳት እኔው ነኝ! በማግስቱ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰርቨሩ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ግን ጥፋቴ እስከ ዛሬ በልጁ ስም በቀረ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ታሪኩን ይዘህ ተሻገር። የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስም አዛምድ። ብራንቾቹ ከትክክለኛው ቦታ መነሳታቸውን፣ መርጆቹም ሁለት ወላጅ መያዛቸውን አይተህ አረጋግጥ። ከ2008 በፊት የተደረጉ መርጆች ካሏችሁ የድሮ ማስታወሻዎችን አንብቡ፤ ማሽኑ አያውቃቸውም። የድሮውን ሰርቨር ደግሞ ለንባብ ብቻ አድርገህ አቆየው።

እናንተስ በማን ጥፋት ተቆጥታችሁ፣ ወይ በማን ጥፋት ተቆጥተውባችሁ ያውቃሉ? ጻፉልኝ እስቲ።