ዕለት፣ ኬክሮስና ወር በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር

ባሕረ ሐሳብ ጊዜን የሚከፍለው በስድሳ ነው። አንድ ዕለት፣ ማለትም መዓልቱና ሌሊቱ በአንድነት፣ 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንዱ ካልዒት 60 ሣልሲት እየተባለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። ዕለትን በ24 ሰዓት መቍጠር ለለመድን ለእኛ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓትም ሁለት ኬክሮስ ተኩል መሆኑን መያዝ ይበቃናል።

የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ነው (ጥቂቶቹን ካልዒቶች ትተን)። ዐሥራ አምስቱ ኬክሮስ ስድስት ሰዓት ነውና በአራት ዓመት 60 ሞልቶ አንድ ዕለት ይሆናል፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ስለዚህ ነው።

ብዙ ምእመናን የሚቸገሩት ወርን ወደ ዕለት ሲመልሱ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። “አርባ ቀን አንድ ወር ከዐሥር ቀን ነው” የሚለው ልማድ ዓመቱን ሙሉ ሲያገለግል ቆይቶ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ያሳስታል። ነሐሴ 10 ቀን የተወለደን ወንድ ሕፃን እንውሰድ። የተወለደበትን ዕለት አንድ ብለን ስንቈጥር እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 21፣ ከአምስቱ የጳጉሜን ዕለታት ጋር 26 ይሆናል፤ የቀሩት 14 ናቸውና አርባኛው ቀን መስከረም 14 ይውላል። ጳጉሜንን የዘለለ ግን መስከረም 19 ብሎ የሕፃኑን ጥምቀት አምስት ቀን ያዘገያል። ለሙታን የሚደረገው የአርባ ቀን መታሰቢያም ቍጥሩ እንዲሁ ነው።

ሕፃኑ የተወለደው በዘመነ ሉቃስ ከሆነ አርባኛው ቀን መስከረም 13 ነው። ዘመኑን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለአራት እንከፍላለን፤ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ ነው። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር።