የቤቱ ቁልፍ

በማስተማር ዘመኔ ተማሪዎች «ጃፓን መሸነፏን እያየች ስለ ምን ቶሎ አልታረቀችም?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ሰላም የሚሹ ሹማምንት ነበሩ፤ የቤቱ ቁልፍ ግን በጦሩ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በታደሰው ደንብ የጦር ሚኒስትር የሚሆነው በሥራ ላይ ያለ ጄኔራል ብቻ ነውና፥ ጦሩ ሚኒስትሩን አስለቅቆ ምትክ ከከለከለ መንግሥት ይወድቃል። የዮናይ ካቢኔ በ1940 የወደቀው እንዲሁ ነው።

በነሐሴ 1945 ሂሮሺማ በአቶሚክ ቦምብ ከጠፋች በኋላ እንኳ፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶጎ አንድ፥ የጦር ሚኒስትሩ አናሚ አራት ቅድመ ሁኔታ ይዘው ተሟገቱ። ስድስቱ ሹማምንት ሦስት ለሦስት ተከፈሉ፤ ነገሩን የቈረጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ያን ጊዜም አናሚ ሥራቸውን ቢለቁ ካቢኔው ይፈርስ ነበር፤ እርሳቸው ግን ፈረሙ፥ በማግሥቱ ንጋትም ራሳቸውን ገደሉ።

ልጆቼ ሆይ፥ የሕዝብ ሕይወት በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል፥ ቁልፉን ለማን እንደምትሰጡ አስቀድማችሁ አስቡ።