ጨፌ

ለበዓል ከተጎዘጎዘው ቄጠማ አንዷን አንሱና አገዳዋን በሁለት ጣት መካከል አሽከርክሯት። እንደ ሣር ክብ አይደለችም፤ ሦስት ጠርዝ አላት። የበቀለችበት ውሃ የማይለየው መስክ ጨፌ ይባላል።

ቃሉ በኦሮምኛም አለ፤ እዚያ ሸንጎ ማለትም ነው። የኦሮሚያ ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» የተባለው በዚሁ ነው።

ብዙ ሰው ጨፌን «ረግረግ» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ይቆጨኛል። ረግረግ እግር የሚውጠውን ጭቃ ብቻ ይነግረናል፤ ጨፌ ግን ዕፅዋቱንም ይዞ ይመጣል። አፈሩን የሠሩት ደግሞ ዕፅዋቱ ናቸው። በኢሉባቦር ሸለቆዎች ቄጠማው አድጎ ይሞታል፤ ውሃ በተኛበት መሬት ግን አየር ስለሌለ በቅጡ አይበሰብስም። ቅጠሉና ሥሩ እየተደራረበ ጥቁር፣ ሲረግጡት የሚለመጥ አፈር ይሆናል።

ቦይ ቀዶ ውሃውን አጠንፍፎ በቆሎ የሚዘራው ገበሬ ጎተራው በሚራቆትበት ወር እሸት ያገኛል፤ አልወቅሰውም። ነገር ግን የደረቀው አፈር አየር ይገባዋል፤ የዘመናት ክምችት በስብሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበንናል፣ መሬቱም ይሰምጣል።

ስለዚህ ጨፌን መጠበቅ አጥሮ መተው ብቻ አይመስለኝም። ቄጠማው ለቤት ክዳን ይታጨድ፤ ከብት ግን አፈሩን አይደቅድቀው፤ ባሕር ዛፍም ከዳርቻው ይራቅ። እርሻው ሲያርፍ ቦዩ ይደፈን፤ ውሃው ከተመለሰ ቄጠማውም መመለስ ይችላል።