ከወይን ጠጅ ጋን አጠገብ የተገኘው እሳት

ይህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ለመመርመር የታሰበ ነው። ከወይን ጠጅ ጠመቃ የሚተርፈው ልጣጭ፣ ፍሬና አተላ አየር በማይገባበት ዕቃ ቢከማች የሚነድ ጋዝ እንደሚሰጥ ዛሬ የታወቀ ነገር ነው። ይህን ጋዝ ካጠኑትም ሰዎች መካከል ዋና ዋናዎቹ የወይን ጠጅ ሊቃውንት ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ የወይን ጠጅ አገሮች በደጃፋቸው የነበረውን እሳት ሳይጠቀሙበት ይህን ያህል ዘመን ስለ ምን ቆዩ? መልሱ በኬሚስትሪ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በገበያና በሕግ ታሪክም ውስጥ መፈለግ አለበት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ምልክት ከሌላቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በእኛ ልማድ ጋዝ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ላምባ ነው። እዚህ ላይ ግን የምንናገረው እንደ አየር ሆኖ ስለሚገኘው ነገር ነው። ጋዝ የሚለውን ቃል ለሳይንስ የሰጡት በ1644 የሞቱት የብራስልሱ ሐኪም ቫን ሄልሞንት ናቸው። እሳቸው ከሚፈላ የወይን ጭማቂ የሚወጣውና ከሰል ሲነድ የሚወጣው ጋዝ አንድ ዓይነት መሆኑን አስተዋሉ። ይህም ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው፣ እሳትን የሚያጠፋው ጋዝ ነው። እንግዲህ የጋዝ ትምህርት ገና ሲጀመር የወይን ጋን ከአጠገቡ ነበረ ማለት ይቻላል።

የሚነደው ጋዝ ግን ሌላ ነው። በ1776 ኢጣልያዊው ቮልታ በማጆሬ ሐይቅ ዳር የረግረጉን ጭቃ በዱላ እየቀሰቀሱ የሚወጣውን አረፋ ሰበሰቡ፤ በእሳት ቢሞክሩትም ነደደ። በ1808 እንግሊዛዊው ዴቪ ይኸው ጋዝ፣ ማለት ሜቴን፣ ከከብት ፍግም እንደሚወጣ አሳዩ። በ1868 ደግሞ ቤሻምፕ የተባሉት ፈረንሳዊ፣ ሜቴን የሚፈጠረው በረቂቃን ተሕዋስያን ሥራ መሆኑንና አልኮል ራሱ ወደ ሜቴን ሊለወጥ እንደሚችል ገለጹ።

ከዚህ የምንረዳው ፍላት ሁለት መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ፍላት እርሾ የወይኑን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ወይን ጠጁ ከተቀዳ በኋላ የቀረው ስኳር፣ አሲድና አልኮል አየር እንዳያገኝ ሆኖ ቢዘጋ ሌሎች ተሕዋስያን ሁለተኛውን ፍላት ይጀምራሉ፤ የዚህም ፍሬ ሜቴን ነው። ሁለተኛው ፍላት እንግዲህ የመጀመሪያው ከተወው ፍርፋሪ የሚመገብ ነው።

የሁለቱ ፍላቶች ጥናት በአንድ ሰው እጅ የተገናኘው በቦርዶ ነው። የፓስተር ተማሪ የነበሩት ኡሊስ ጋዮን ከ1880 ጀምሮ በዚያ ከተማ የእርሻና የወይን ጠጅ ምርምር ጣቢያን ይመሩ ነበር። ጋዮን በወይን ጠጅ ጥናት ስማቸው የገነነ ሰው ናቸው። ዳሩ ግን በ1884 ፓስተር ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረቡላቸው ሥራ ስለ ወይን ሳይሆን ስለ ፍግ ነበር፤ ይኸውም ፍግ በ35 ዲግሪ ሙቀት ተይዞ ሲፈላ ሜቴን እንደሚሰጥና ለሙቀትም ለብርሃንም ሊያገለግል እንደሚችል የሚያሳይ ነው። በአገሪቱ ታላቅ የወይን ማእከል የተቀመጠ ሊቅ ጋዙን የፈለገው ከከብት በረት ነው። ይህን ነገር እናስታውስ፤ ሁለተኛ ጊዜ ይገጥመናልና።

ሁለተኛው ታሪክ የሚገኘው በአልጄሪያ ነው። አገሪቱ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች በ1930ዎቹ ወደ 400,000 ሄክታር የሚጠጋ የወይን ተክል ነበራት፤ ከምርቱም አብዛኛው ወደ ፈረንሳይ ይጫን ነበር። በአልጀርስ አጠገብ በነበረው የእርሻ ትምህርት ቤት የሠሩት ዱሴሊዬና ኢስማን ሁለት መሣሪያዎችን ፈለሰፉ። አንደኛው የወይን ጠጅ ጋን ነው፤ በመጀመሪያው ፍላት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተዘጋው ጋን ውስጥ ሲታመቅ ጭማቂውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ጭማቂው ተመልሶ በተንሳፈፈው ልጣጭ ላይ ይወርዳል፤ ቀለሙንም ያወጣል። ለዚህ ሥራ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ስለዚህም በ1960ዎቹ መብራት ባልተስፋፋበት በፖርቱጋል የዶውሮ ሸለቆ ፖርቶ ለሚባለው ወይን ጠጅ መጥመቂያ አገልግሏል።

ሁለተኛው መሣሪያቸው የፍግ ጋዝ ማውጫ ነው። ፍጉ በግንብ ጉድጓድ ውስጥ ተከምሮ አስቀድሞ በአየር እንዲግል ይተዋል፤ ከዚያ በፈሳሽ ተሞልቶ ይዘጋል፤ ጋዙም ተጠራቅሞ ለምድጃና ለሞተር ይውላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ብዙ የፈረንሳይ ገበሬዎች ይህን መሣሪያ ሠሩ። በ1950ዎቹ ነዳጅ ሲረክስ ግን ጉድጓዱን በአካፋ መሙላትና መጥረግ ድካም ብቻ ሆኖ ታየ፤ መሣሪያውም ተተወ። እነሆ፣ በእነዚህ ሰዎችም ዘንድ ወይኑና ጋዙ ጐን ለጐን ቆመው ዋናው የጋዝ ምንጭ ፍግ ሆነ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛው የተፈጥሮ ምክንያት ነው። የወይን ትርፍ አሲድ ይበዛበታል፤ ሜቴን የሚሠሩት ተሕዋስያን ግን አሲድ አይወዱም። ፍሬውና የዘለላው እንጨት በቀላሉ አይበሰብሱም፤ በልጣጩ ያለው ታኒንም ሥራቸውን ያዘገያል። ከዚህ በላይ የወይን ለቀማ በዓመት የጥቂት ሳምንታት ሥራ ስለሆነ ትርፉ በአንድ ጊዜ ይጐርፋል፤ ቀሪውን ወራት ማውጫው ባዶውን ይቀመጣል። ከብት ግን ዓመቱን ሙሉ ፍግ ይሰጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የበለጠ ይመስለኛል። የወይን ትርፍ በእውነቱ ትርፍ አልነበረም። ከ100 ኪሎ ወይን ከ15 እስከ 25 ኪሎ የሚደርስ ጭማቂው የወጣለት ልጣጭና ፍሬ ይቀራል። ይህን አረቄ አውጪው ይፈልገዋል፤ ከእሱም አልኮል፣ የታርታር ጨውና የፍሬ ዘይት ይገኛል። በፈረንሳይ ሕጉ ራሱ ጠማቂው ትርፉን ለአረቄ ማውጫ እንዲያስረክብ ያስገድድ ነበር። ባለቤት ያለውን ነገር ለጋዝ የሚያቃጥለው ማን ነው?

ስለዚህ ለውጡ የመጣው ባለቤት ካልነበረው ነገር፣ ማለት ከአረቄው አተላ ነው። አንድ ሊትር ኮኛክ ለማውጣት ዘጠኝ ሊትር ያህል ወይን ጠጅ ይፈለጋል፤ የሚቀረው አሲዳም አተላ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውንም ይገድላል። ወንዝ መበከል በሕግ ሲከለከልና በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር አተላውን በተዘጋ ጋን ማፍላት ጥቅም ያለው ሥራ ሆነ፤ በኮኛክ አካባቢም ይሠራበታል። ለልጣጩና ለፍሬው ደግሞ በሩ የተከፈተው በ2014 በወጣ የፈረንሳይ ድንጋጌ ነው፤ ጠማቂው ትርፉን ለአረቄ ማውጫ ከመስጠት ሌላ ለጋዝ ወይም ለማዳበሪያ እንዲያውለው ተፈቀደለት። ከጋዮን ሥራ እስከዚህ ድንጋጌ 130 ዓመት መሆኑ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው የፍግ ጋዝ ማውጫ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተሠራው በ1950 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጋዙ ለእርሻ መሣሪያ ብየዳ የታሰበ ነበር። የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም ሥራውን የጀመረው ግን በ2009፣ ከኀምሳ ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀቱ አምቦ ላይ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ባለ ጥናቱ ተማሪ አንድን ነገር ቆሻሻ ብሎ ከመጥራቱ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት መጠየቅ ይገባዋል። የጠላና የአረቄ አተላ ለከብት ይሰጣል፤ በገንዘብም ይሸጣል። ይህን አተላ ለጋዝ እናውለው የሚል ሰው ከላሚቱና ከአረቄ አውጪዋ ጋር መከራከሩን ይወቅ። ባለቤት የሌለውና ወንዝ የሚያበላሸው የፋብሪካ ፍሳሽ ግን ሌላ ነገር ነው። የቦርዶና የኮኛክ ታሪክ የሚያስተምረን ሥራው ከዚያ ቢጀመር የሚሻል መሆኑን ነው።